ዜማን በሸክላ ሰምቶ ስለ መፍረድ

በአውሮፓ የሙዚቃ ወዳጆች ዘንድ አንድ የቈየ ልማድ አለ። የቤቶቨንን አምስተኛ ሲምፎኒ ሦስት ወይም አራት የኦርኬስትራ መሪዎች በየዘመናቸው በሸክላ አስቀርጸውት እንደ ሆነ፣ ሰሚዎቹ ሸክላዎቹን በየተራ እያዞሩ፣ «ይኸኛው ፈጠነ፤ ያኛው ተጐተተ፤ የዚህ ቫዮሊን ጐልቶ ወጣ፤ የዚያ ከበሮ ታፈነ» እያሉ ሌሊቱን በክርክር ይፈጁታል። ፉርትቬንግለርን የሚወድ ሰው ቶስካኒኒን ጥድፊያ ያበዛል ይለዋል፤ ቶስካኒኒን የሚወድ ደግሞ ፉርትቬንግለርን እንዳሻው የሚሄድ ነው ብሎ ይነቅፈዋል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር አንደኛው በ1954፣ ሁለተኛው በ1957 ዐርፈዋል፤ የወዳጆቻቸው ክርክር ግን እስከ ዛሬ አላረፈም።

ይህን የሚሰማ ያገራችን ሰው ብዙውን ጊዜ «ሥራ የፈታ ሰው ጨዋታ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ወይም እንዲህ ያለውን የሰሚነት ጥበብ ለባዕድ ሙዚቃ ብቻ የተሰጠ፣ ለኛ ዜማ የማይስማማ ነገር አድርጎ ይቈጥረዋል። እኛም በወጣትነታችን እንዲሁ ስናስብ ኖረናል። በኋላ ግን በደብረ ታቦርና በጋይንት ደጋ እንዲህ ያሉ ሰሚዎች መኖራቸውን፣ ጆሮአቸውም ከማንም የማያንስ መሆኑን ተረዳን። የሚያሳዝነው ነገር፣ እኒህ ሰዎች የሚፈርዱበት ሸክላ፣ ካሴትና የስልክ ቅጂ ሊያስረዳቸው የሚገባውን እየደበቀ ፍርዳቸውን የሚያስት ሆኖ መገኘቱ ነው። ስለዚህ በዛሬው ሐተታችን ነቀፌታችንን የምናቀርበው በዜመኞቹ ላይ ሳይሆን በቅጂዎቹ ላይ ነው።

ደብረ ታቦርን አንባቢዎቻችን ይበልጥ የሚያውቋት በቤተ መንግሥትና በመድፍ ታሪክ ነው። የየጁ ራሶች መናገሻ ነበረች፤ ዐፄ ቴዎድሮስም ተቀምጠውባታል፤ ከከተማዪቱ አጠገብ ካለው ከጋፋትም በ1867 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ተሠርቶ ወጥቶአል። ይህ ሁሉ በየትምህርት ቤቱ ይነገራል። በዚሁ በጉና ተራራ ዙሪያ ባለው ደጋ፣ መድፉ ከመሠራቱ አስቀድሞ የጀመረ፣ የመድፉ ሥራ ከቀረም በኋላ ያልቀረ ሌላ ጥበብ እንዳለ ግን ብዙ ጊዜ አይነገርም። ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ነው፤ ዙር አባ የዝማሬና የመዋሥዕት ቤት ነው፤ ደብረ ታቦር ደግሞ ተክሌ የሚባለው የአቋቋም ስልት መዲና ናት። ሦስቱም በደቡብ ጎንደር ውስጥ ናቸው። በሌላ አገር ድጓ የተማረ ሰው ሳይቀር፣ ዕውቀቱ ተረጋግጦ መምህር ለመባል ሲፈልግ ስንቁን ይዞ ወደ ጋይንት ይወጣ ነበር። እንግዲህ በዚህ አገር ሰሚ ቢበዛ አያስደንቅም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በነሐሴ 13 በዓል ማግስት በደብረ ታቦር በአንድ ወዳጃችን ቤት ተሰብስበን ነበር። ጡረታ የወጡ አንድ መምህር፣ አንድ የፍርድ ቤት ጸሐፊ፣ ሁለት መሪጌቶች፣ እንዲሁም ድጓ በመማር ላይ ያለ አንድ ወጣት ነበሩ። ጠላው ቀርቦ ጨዋታው ሲደራ ወጣቱ ስልኩን አወጣና ከሌላ ደብር የተቀዳ ማኅሌት አሰማን። እኛም እንደ ከተሜ ልማዳችን፣ «ምን ያለ መረዋ ድምፅ ነው!» አልን። የተቀበለን ሰው አልነበረም። ከመሪጌቶቹ አንዱ ዐይናቸውን ጨፍነው ጥቂት ካዳመጡ በኋላ፣

«ይህ የማን ቤት ነው?» ብለው ጠየቁ።

«አላውቅም፣ የኔታ፤ ሰው ነው የላከልኝ» አለ ወጣቱ።

«መሪው ማን ነው?»

«እሱም አልተጻፈበትም።»

«እንግዲያ በምን እንፍረድ፣ ልጄ? ድምፁስ ያምራል። ድምፅ የእግዜር ነው፤ እኛ የምንመረምረው ሰውዬው የተማረውን ነው» አሉት።

ይህ «የማን ቤት ነው» የሚለው ጥያቄ ለማያውቀው ሰው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የፍርዱ ሁሉ ሥር እሱ ነው። የቅዱስ ያሬድ ዜማ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ተብሎ በሦስት መከፈሉን ተማሪ ሁሉ ያውቃል። ከዚህ በታች ግን የመምህራን ቤቶች አሉ። ቤተ ልሔም፣ ቆማ፣ አጫብርና ተጉለት አንዱን ቃል በየራሳቸው መንገድ ያዜሙታል። በአንዱ ቤት ስሕተት የሚሆነው በሌላው ቤት ትክክል ነው። ቤቱን ሳያውቁ በዜመኛው ላይ መፍረድ፣ መወድስን በጉባኤ ቃና ቤት ቈጥሮ «በዛ» እንደ ማለት ነው። ያ የስልክ ቅጂ ድምፁን አምጥቶ ቤቱን ትቶት ስለ መጣ፣ መሪጌታው ከመፍረድ ተቈጠቡ። እኛ ግን ምንም ሳናውቅ አስቀድመን ፈርደን ነበር።

ቤቱ የታወቀ ቅጂ በተሰማ ጊዜ ደግሞ ፍርዱ እንዴት ይወርድ እንደ ነበረ ብንጽፈው አንባቢ ይገረማል። ስለ አንዱ መሪ፣ «ርክርክ ያበዛል፤ ምልክት በሌለበትም ያንቀጠቅጠዋል፤ ሰው ደስ እንዲለው ነው» ተባለ። ስለ ሌላው፣ «ድፋቱን ሳይፈጽም ቀና አለ» ተባለ። ጸሐፊው የአንዱን ቅጂ ቦታ ሦስት ጊዜ አስመልሰው ካሰሙን በኋላ፣ መሪው ቃሉን በመካከል ትንፋሽ ወስዶ እንደ ቈረጠው አሳዩን፤ እኛ ሦስቱንም ጊዜ አልሰማነውም ነበር። የጡረታው መምህር ደግሞ ከመሪው ይልቅ የተመሪውን ድምፅ ይከተሉ ነበር። «መሪ ተዘጋጅቶ ይመጣል፤ ሰው የሚታወቀው ሲቀበል ነው» አሉን። በዚያ ቤት ስለ ድምፅ ውበት ብቻውን የተናገረ ሰው ከኛ በቀር አልነበረም።

ስለ ራሳችን ስሕተት ካነሣን ሌላም እንጨምር። ከብዙ ዓመት በፊት፣ በቴፕ ዘመን፣ ከጋይንት የመጣ የተባለ አንድ ካሴት በአዲስ አበባ እጃችን ገባ። የሚመሩት አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ ድምፃቸው ከምድር ውስጥ የሚወጣ ይመስል ነበር፤ አካሄዳቸውም የረጋ፣ የማይቸኩል ነው። እኛም እንዲህ ያለ ደረት በማንም ዘንድ አልሰማንም ብለን ለወዳጆቻችን አወራን፤ ባንድ ስብሰባ ላይም ይህንኑ እንደ ትልቅ ግኝት አድርገን ተናገርን። ካሴቱንና ቴፑን ይዘን ደብረ ታቦር በደረስን ጊዜ፣ ያን ጊዜ ገና በማስተማር ላይ የነበሩት እኒሁ መምህር ጥቂት ሰምተው ፈገግ አሉና «እስቲ መጀመሪያ ድንጋዩን ለውጡት» አሉን። ለካ የቴፑ ባትሪ ድንጋይ ደክሞ ኖሮ፣ የካሴቱ ክር በዝግታ በመዞሩ ድምፁ ወፍሮአል፤ አካሄዱም ዘግይቶአል። አዲስ ድንጋይ ተገዝቶ ሲገባበት ሽማግሌው ወደ ጐልማሳነት ተመለሱ፤ ደረቱም ጠፋ። ያሞገስነው የባትሪውን ድካም ነበር።

ያን ቀን ብናፍርም አንድ ነገር ተምረንበታል። መሣሪያው ሁሉ የራሱን ነገር ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። በ1913 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር አርቱር ኒኪሽ ከበርሊን ፊልሃርሞኒክ ጋር የቤቶቨንን አምስተኛ ሲያስቀርጽ፣ አንዱ የሸክላ ገጽ ከአራት ደቂቃ ብዙም የማይበልጥ ስለ ነበረ ሲምፎኒው እየተቈራረጠ በብዙ ገጾች ላይ ተከፋፍሎአል። የአውሮፓ ሰሚ ግን ይህን ያውቃል። በሸክላው ልባስ ላይ የመሪው ስም፣ የተቀዳበት ዓመትና አዳራሽ ተጽፎለታል፤ ስለዚህ ሲፈርድ የመሣሪያውን ድርሻ ቀንሶ ይፈርዳል። የኛ ሰሚ የሚደርሰው ቅጂ ግን አባት እናቱ እንደማይታወቅ ልጅ ነው።

ከሕዝብ ዘንድ ከደረሱት የታተሙ ቅጂዎች ቀደምት የሚባሉት የውጭ አገር ሰዎች የቀዱአቸው ናቸው። በለንደን የሆርኒማን ሙዚየም የሙዚቃ መሣሪያዎች ኃላፊ የነበሩት ወይዘሮ ጂን ጄንኪንስ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1960ዎቹ ዓመታት በአገራችን እየተዘዋወሩ ብዙ ድምፅ ቀድተዋል፤ ዩኔስኮ ባዘጋጀው የአፍሪካ ሙዚቃ ስብስብ ውስጥም ለቤተ ክርስቲያናችን ዜማ አንድ ሸክላ ተሰጥቶታል። ለድካማቸው ምስጋና ይገባል። ይሁን እንጂ ሸክላው «የኢትዮጵያ ኮፕት ቤተ ክርስቲያን ሙዚቃ» የሚል ስም ይዞ መውጣቱ የሚያስገርም ነው፤ ቤተ ክርስቲያኒቱ በ1951 ዓመተ ምሕረት የራሷን ፓትርያርክ አግኝታ ነበርና። ከስሙ የሚከፋው ግን ልኩ ነው። የረጅም ሸክላ አንዱ ገጽ ሃያ ወይም ሃያ አምስት ደቂቃ ቢይዝ ነው። ማኅሌት ሌሊቱን ያድራል። እንግዲህ ሰሚው የሚደርሰው፣ ከሌሊቱ እዚህም እዚያም የተቀነጨበ ነው፤ ከቅንጫቢው በፊት ምን እንደ ነበረ፣ ከኋላውስ ምን እንደሚከተል አያውቅም። እንደ ናሙና የሚበቃ ነው፤ ለፍርድ ግን አይበቃም።

ከዚህ እጅግ የሚሻለው፣ ፕሮፌሰር ኬይ ካውፍማን ሼለመይ ከፒተር ጀፍሪ ጋር ከ1993 እስከ 1997 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በሦስት ቅጽ ያሳተሙት የኢትዮጵያ ቅዳሴና ዜማ ስብስብ ነው። ከመጽሐፉ ጋር ድምፁ ተያይዞ ወጥቶአል፤ ዜማውን የሚያሰሙት ብርሃኑ መኮንን ናቸው፤ ስማቸውም በክብር ተጽፎአል። እዚህ ላይ የመጽሐፉን ጥቅም ለመረዳት ስለ ምልክት ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በቃል ሲወርድ የመጣውን ዜማ በምልክት ያጸኑት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን የነበሩት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደ ሆኑ በትውፊት ይነገራል። ምልክቱ ከሚታወቅ ቃል የተወሰደ ፊደል ነው፤ ከጽሑፉ በላይ በደቃቁ ይጻፋል፤ ተማሪው ያን ቃል በምን ዜማ እንደ ተማረው ያስታውሰዋል። ስለዚህ ምልክት ላልተማረ ሰው የማይናገር ነገር ነው። እንደ አውሮፓ ኖታ «ይህን ያህል ውጣ፣ ይህን ያህል ውረድ» አይልም፤ «ታውቀዋለህ፣ አስታውሰው» ይላል። በዚህ መጽሐፍ ምልክቱ፣ የፈረንጅ ኖታውና የዜመኛው ድምፅ ጎን ለጎን ስለ ቀረቡ፣ አንድ ሰሚ መጽሐፉን ገልጦ ዜመኛው ምልክቱን እንዴት እንደ ፈታው ሊከተል ይችላል። ከዚያ በፊት ይህን ያህል የሰሚውን መብት የጠበቀ ቅጂ አላየንም።

ነገር ግን በዚህም ላይ የምንለው አለን። ድምፁ በዋነኛነት የአንድ ሊቅ ድምፅ ነው፤ ይህም የመጽሐፉ ዓላማ ስለ ሆነ አይነቀፍም። ሰሚው ግን ከዚህ ተነሥቶ ዜማችን የአንድ ሰው ዜማ እንዳይመስለው ያስፈልጋል። በማኅሌት ቀኝና ግራ አለ፤ መሪ አለ፣ ተመሪ አለ፤ አንዱ ያነሣውን ሌላው ይቀበለዋል። የጡረታው መምህር ጆሮአቸውን የሚጥሉበት ያ መቀባበል በአንድ ሰው ድምፅ ሊገኝ አይችልም።

አሁን ወደ ተክሌ እንመለስ፤ ዋናው ነገር እዚህ ነውና።

አለቃ ገብረ ሐናን ሕዝብ የሚያውቃቸው በቀልዳቸው ነው፤ እንዲያውም ያላሉትም ሁሉ ይለጠፍባቸዋል። እሳቸው ግን የፎገራ ናበጋ ጊዮርጊስ ሰው፣ የመጻሕፍትና የአቋቋም ሊቅ ነበሩ። በጣና ባሕር ላይ ሲሄዱ ማዕበሉና በዳር ያለው ደንገል ወዲህና ወዲያ ሲል ተመልክተው አዲስ የዝማሜ ስልት እንደ ፈጠሩ በትውፊት ይነገራል። ይህንንም ልጃቸውን ተክሌን አስተማሩት፤ ስልቱም በልጁ ስም ተጠራ፤ በደብረ ታቦርም ሥር ሰደደ። በአባትየው ስም ሳይጠራ በልጁ ስም መጠራቱ፣ ጥበቡን ያጸናው ያስተማረው መሆኑን ያሳያል ብለን እንገምታለን።

ተክሌን ከጎንደሮቹ ከላይ ቤትና ከታች ቤት የሚለየው በተለይ በዝማሜው ላይ ነው። ዝማሜ ደግሞ የመቋሚያና የሰውነት እንቅስቃሴ ነው። በበዓል ቀን በደብረ ታቦር ኢየሱስ ቆሞ ያየ ሰው ያውቀዋል። ነጭ የለበሱት ካህናት ግራና ቀኝ ተሰልፈው ሳለ፣ መቋሚያው ሁሉ ባንድነት ዘንበል ይላል፤ አካላቸውም ይከተላል፤ ጥቂት ረግቶ ደግሞ ወደ ሌላው ወገን ይመለሳል። ነፋስ የመታው የባሕር ዳር ሣር ይመስላል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ለማይክሮፎን የሚደርሰው ምንድን ነው? ጥቂት የእግር ኮቴ፣ የመቋሚያ መሬት መንካት፣ ምናልባትም የልብስ መንሿሿት። እንግዲህ ደብረ ታቦር ለዜማ ያበረከተችው ነገር፣ ሸክላም ካሴትም የማይሰማው ነገር ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ከቤተ ልሔም የወጣው የምልክት ጥራት በድምፅ ሊቀዳ ይችላል፤ ባይጻፍበትም እንኳ ውስጡ አለ። የተክሌ ዝማሜ ግን ከቅጂው ውስጥ ጨርሶ የለም።

ይህን ለጸሐፊው ነገርናቸውና፣ «ታዲያ እርስዎ ከስልኩ ሲሰሙ ተክሌ መሆኑን በምን ያውቃሉ?» ብለን ጠየቅናቸው። «እግሬ ያውቀዋል» አሉን። እውነትም ቅጂው ሲሰማ እግራቸውንና ትከሻቸውን አይተን ነበር፤ ጆሮ ያልሰማውን የጐደለውን ስፍራ ሰውነታቸው እየሞላው ነበር። ይህ ግን የሚሆነው ቀድሞ ለቆመ ሰው ነው። በዋሺንግተን ወይም በለንደን ተወልዶ ቅጂውን ብቻ ለሚሰማ ልጅ የሚሞላለት የለም። ዛሬ ስልክ ምስልም ይቀዳል፤ መድኃኒቱ ተገኘ ይባል ይሆናል። ሆኖም ያየናቸው ምስሎች አብዛኛውን ጊዜ ከበሮ መቺውን ይከተላሉ፤ ሲደምቅ ይጀምራሉ፤ ሲበርድ ያቆማሉ። ሰልፉን ከዳር እስከ ዳር አቁሞ ዝማሜውን ከመነሻው እስከ መድረሻው የሚያሳይ አንድም አላጋጠመንም።

ይህ የመድመቅ ነገር በገበያ ላይ ያሉትን ቅጂዎች ሁሉ ያጠቃ ሕመም ነው። በአቋቋም ሥርዓት አንዱ ዜማ አስቀድሞ ቁም ይባላል፤ መሣሪያ አይገባበትም። ቀጥሎ ይዘመማል። ከዚያ ወደ መረግድ ይሄዳል፤ ከበሮውም ይነሣል። ከመረግድ ወደ ጽፋት ይፈጥናል፤ ወረብም አለ፤ እልልታና ጭብጨባ ይከተላል። ይህ አወጣጥ እንደ ተራራ መንገድ ነው፤ ቀስ እያለ ይወጣል፤ ላይ የሚደረስበት ደስታም የተገኘው ከታች በመጀመሩ ነው። የሚሸጠውና የሚላላከው ቅጂ ግን ወረቡ ብቻ ነው፤ ቁሙ ተቈርጦ ተጥሎአል፤ ዝማሜውም አብሮ ሄዶአል። ከሠርግ ጭፈራውን ብቻ ያየ ሰው ሠርጉን አየሁ እንደሚል፣ ሰሚውም ማኅሌት ሰማሁ ይላል። ከዚህ የተነሣ «እገሌ ከእገሌ ይበልጣል» የሚለው የዛሬ ክርክር የሚካሄደው በሥራው መጨረሻ ላይ ብቻ ነው። ባንድ ደብር ታላቅ የሚባለው የቁም ዜማ መምህር በዚህ ውድድር ስሙ አይነሣም፤ የሚሰማበት ክፍል አልተቀዳምና።

ያ የድጓ ተማሪ ግን ይህን ሁሉ ነቀፌታ ዝም ብሎ አልሰማንም። በትሕትና አንገቱን ደፍቶ ሳለ፣ «የኔታ፣ ይፍቀዱልኝ» ብሎ ተናገረ። መምህሩ አርጅተዋል፤ ደቀ መዝሙሩ ብዙ ነው፤ ተራው እስኪደርሰው ይመሻል፤ ሌሊት በጎጆው ሆኖ ስልኩን እየመላለሰ ባይሰማ ኖሮ የተቀበለውን ግማሽ ይረሳው ነበር። «ስልኩ አይሰለች፣ አይቈጣ» አለ። መሪጌታው ሳይቈጡ፣ «እውነት ነው፤ አይቈጣም። ስትሳሳትም ዝም ይልሃል» ብለው መለሱለት። ከዚያም ባንድ ቃል ላይ አስዜሙት። ልጁ በጥሩ ድምፅ አዜመው፤ መሪጌታው በመካከል አስቁመው አንዱን ይዘት አርመው እንደገና አስባሉት፤ አራት ጊዜ ተሳሳተ። በስልኩ ብዙ ሌሊት ሲደጋግመው የኖረው ያንኑ ስሕተት ስለ ነበረ ከአፉ አልወጣ አለው። በአምስተኛው አገኘው።

በዚህ ክርክር እኛ ለማን እንፍረድ? ለመሪጌታው ብንፈርድ የልጁን ጎጆና ሌሊት መርሳት ይሆንብናል። ለልጁ ብንፈርድ ደግሞ አራቱን ስሕተት ሰምተናል። ያን ስልክ ከልጁ እጅ መንጠቅ እንደማይገባ ግን እናምናለን፤ ይልቅ በውስጡ ያለው ቅጂ የማን ቤት እንደ ሆነ የሚያውቅ ሰው መርጦ ቢያስገባለት ይሻላል።

ስለ ዙር አባ በአጭሩ እንናገራለን፤ የሚባለው ጥቂት ስለ ሆነ ነው። ዝማሬ ከቍርባን በኋላ ይባላል፤ መዋሥዕት በፍትሐትና በተዝካር ይባላል። እንዲህ ባለው ሰዓት ስልክ ማውጣት ነውር ነው፤ ነውርነቱንም እንቀበላለን። ውጤቱ ግን ከዜማችን አንዱ ታላቅ ክፍል በሰሚዎች ክርክር ውስጥ ስሙ የማይነሣ መሆኑ ነው። ከመምህራኑ ጋር ተስማምቶ በትምህርት ሰዓት መቅዳት ይቻል ነበር።

በውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን በዚህ ረገድ ከኛ የተሻለ የሠሩበት ነገር አለ። በአሜሪካ የሚኖሩት ሊቅ ሞገስ ሥዩም ለዜማ ባበረከቱት አገልግሎት በ2008 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የዚያ አገር መንግሥት ለባህል ጥበብ ባለሙያዎች የሚሰጠውን ከፍተኛ ክብር አግኝተዋል። ስማቸው ታውቆ፣ ፊታቸው ታይቶ ነው። በጋይንት ከሳቸው ጋር የሚስተካከሉ መምህራን ስማቸው ሳይጻፍ ድምፃቸው በየስልኩ ይዞራል። ደግሞም ያረፉት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በጎንደር ሳሉ የዜማ ተማሪዎች በየደጀ ሰላሙ ሲያድሩ አይተው እንደ ዐዘኑ፣ በጀርመን አገር ያሳተሙት የመጀመሪያው የፒያኖ ሸክላቸውም ድኾችን ለመርዳት የታሰበ እንደ ነበረ ይታወቃል። የእማሆይን ፒያኖ ዛሬ ዓለም ይሰማዋል፤ በእያንዳንዱ ሸክላ ላይም ክርክር አለ። እንዲያዝኑ ያደረጉአቸውን የእነዚያን ተማሪዎች ዜማ ግን ያን ጊዜ በስማቸው የቀዳው ሰው አልተገኘም።

ወደ ማታ ሌሎቹ ሲሄዱ የጡረታው መምህር አንድ ነገር ሊያሳዩን ወደ ቤታቸው ወሰዱን። በመደርደሪያ ላይ ካሴቶች ተደርድረዋል፤ ከጎናቸው ሰማያዊ ልባስ ያለው የተማሪ ደብተር አለ። ማስተማር ከጀመሩበት ጊዜ አንሥተው የቀዱትን ሁሉ በደብተሩ ላይ መዝግበዋል። መሪ፣ ተመሪ፣ የማን ቤት፣ የበዓሉ ስም፣ ቁም ነው ወይስ መረግድ፣ ሌሊት ነው ወይስ ንጋት፤ በጠርዙ ላይ ደግሞ «ድንጋዩ አዲስ» ወይም «ድንጋዩ የደከመ» የሚል አለ። ያንን ስናይ የቀድሞው ኀፍረታችን ተመልሶ መጣብን። ሐሳባቸውንም ይመዘግባሉ፤ «በዚህ ዓመት ከአምናው ይበልጥ ረግቶአል»፣ «ቀኙ በርትቶአል፤ ግራው ሲቀበል ይቸኩላል»፣ «መሪው ታሞ ነበር፤ በዚህ አይፈረድበትም»። ሙዚቃን ስለ መተቸት የተጻፉ ብዙ መጻሕፍት አንብበናል፤ እንደዚህ ደብተር ለዜመኛው የሚጠነቀቅ፣ ለሰሚውም የሚታመን ያነበብነው ጥቂት ነው።

ከደብተሩ መካከል ብዙ ቦታ ላይ አንድ ቃል ተደጋግሞ አየን፤ «ዝማሜው አልተቀዳም» ይላል። ለሚመጣው ነሐሴ 13 የልጃቸውን ልጅ ስልክ አስይዘው በግራው ሰልፍ ጫፍ፣ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ሊያቆሙት አስበዋል፤ ከበሮውን እንዳይከተል ከወዲሁ አስጠንቅቀውታል። ደብተሩን ለመገልበጥ እንዲያውሱን ለመንናቸው። ከዚያ በዓል በኋላ ተመለሱ፣ ያኔ የሚጨመርበት አለ አሉን።